ያላሻገርኩት ቃል

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነበር። ሐምራዊ ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ይጫኑታል፣ «ቀጣይ!» ይላሉ፣ እኔም ቀለሙን በሱሪዬ እየጠረግሁ እወጣለሁ። ይህን የማነሳው እንድታዝኑልኝ አይደለም። እስኪርቢቶና ወረቀት እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ ምን እንደምሆን እንድታውቁ ነው። ወንድሜን የበደልኩት በእስኪርቢቶ ነው። በእስኪርቢቶና በምላሴ።

ነገሩ የሚጀምረው ከልጄ ሞት ነው። ልጄን የበላው የወርቅ ጉድጓድ ነው። ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ፣ የእኛን መንደር አለፍ እንዳሉ፣ መሬቱ ወንፊት ነው። ወንዱ ይቆፍራል፣ ሴቷ አፈሩን ወንዝ ወርዳ በገበቴ ታጥባለች። ታናሽ ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ቆፋሪ ነው። አፈሩን በጣቱ አሽቶ፣ አንዳንዴም በምላሱ ቀምሶ «እዚህ አለ፣ እዚህ የለም» የሚል ሰው ነበር። ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ትምህርቱ አልሆነለትም፤ አጎቱን ይረዳ ነበር። በዚያ ቀን ልጄ ከታች ሆኖ ሲቆፍር ወንድሜ ከላይ ገመድ ይዞ ባልዲ ይስብ ነበር። ከዚያ በፊት ሲዘንብ ነው ያደረው። ግድግዳው ተናደ። ወንድሜ ሰው እስኪደርስለት ድረስ በባዶ እጁ ቆፈረ፤ ሲደርሱለት ከአሥሩ ጥፍሮቹ አራቱ አልነበሩም። ልጄን ያወጡት ከዙህር ሶላት በኋላ ነው።

በዚያ ዝናብ ማግስት ልጄ ለምን ጉድጓድ ወረደ? ይህን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ለራሴም የነገርኩት ቆይቼ ነው።

ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ «የአላህ ነው፣ የአላህ ነው» ሲል እኔ በልቤ «ገመዱን ይዞ የነበረው ማን ነው?» እል ነበር። በአፌ አንድም ቀን አላልኩትም። አለማለቴን እንደ ደግነት ቆጠርኩት። ወንድሜ ግን ሰምቶታል። ሰው ያልተባለውን ነው አብልጦ የሚሰማው።

ከቀብሩ በኋላ ንግግር ቀነሰ፤ ከዚያ ጨርሶ ተወ። ከቀርከሃ አጥሩ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ስትዞር እንኳ አይነሳም። ባለቤቴ፣ የሟቹ እናት ናት፣ ይህን አስቡት፣ የማሽላ ገንፎ በባምያ ሠርታ ትወስድለታለች። ሁለት ጊዜ ይጎርስና ሳህኑን ይመልሳል። ሼኹ ቁርአን እያነበቡ ቀሩበት፤ የተቀራበትን ውሃ ጠጣ። ለአንድ ሳምንት ለሰላምታ መልስ መስጠት ጀመረ፣ ከዚያ እንደገና ዘጋ። ይኸው አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ አንድ ጠዋት ያንን ገመድ ከጉድጓዱ አፍ ፈትቶ፣ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሲያስገባ ባለቤቴ አየችው። ሮጣ ነጠቀችው። ገመዱን እንደያዘች እኔ ጋ መጣችና እግሬ ሥር ወረወረችው።

«አንዱን ቀብረናል» አለችኝ። «ሁለተኛውን ትቀብራለህ ወይስ ሆስፒታል ትወስደዋለህ?»

ወሰድኩት።

ሆስፒታሉ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን የሚታዩበት ክፍል ከጓሮ ነው፣ ማንጎ ዛፎቹ ጋ። ክኒን ታዘዘለት። ከዚያ «በየሳምንቱ ከሚያናግረው ሰው ጋር ትገናኛላችሁ» ተባልን። የሚያናግረው ሰው ወጣት ነው፤ መነጽር ያደረገ፣ ደጋ ያደገ፣ የአሶሳ ሙቀት ሸሚዙን ጀርባው ላይ የሚለጥፍበት። ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል። እሱ «ዶክተር አይደለሁም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ» ይላል። ሰዉ «እሺ ዶክተር» ይለዋል። ቻይና አገር አራት ዓመት ተምሮ ነው የመጣው። በፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ይዞ ይዞራል። ሻይ ቅጠል የለው፣ ስኳር የለው፣ ባዶ ሙቅ ውሃ። በሚያዝያ! በአሶሳ!

«ይሄ ምን ዓይነት በሽታ ነው?» ብዬ የክፍሉን የጽዳት ሠራተኛ ጠየቅኋት። የእኛው የበርታ ሴት ናት፣ አፏ የማይዘጋ።

«ቻይና ያስያዘው ነው» አለችኝ። «የሌላውን ሲያክም የራሱን ረሳው።»

ቻይናን እኔም አውቃለሁ። መንገድ ሲሠራ እኔም ወንድሜም የቻይኖች የቀን ሠራተኞች ነበርን። ስለዚህ ይህ ባለሙያ፣ እኔ «ልጁ» የምለው፣ የቻይና ጥበብ ሲለኝ በሆዴ ሳቅሁ። እኔ የማውቀው የቻይና ጥበብ «ቶሎ! ቶሎ!» የሚለውን ነበር።

አሠራሩን እንዳየሁት ልንገራችሁ። ግማሹ የፈረንጅ ነው። ፈረንጅ በአፍ ያምናል። ያለብህን አውጣ፣ ተናገር ይላል። ሐሳብህን ወረቀት ላይ አስፍረው፤ ከዚያ እንደ ሌባ አንገቱን ይዘህ «እውነት ነህ ወይ? ማስረጃህ የት አለ?» ብለህ መርምረው። ግማሹ የቻይና ነው፤ ቻይና ደግሞ አፍን ብዙም አያምንም። ሐዘን ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቁጣ ጉበት ውስጥ። ገላው እንደታሰረ ሐሳቡን ብቻ ብትፈታለት ትርፉ ድካም ነው። ውሃን አትግፋው፤ ቦዩን ጥረግለት፣ መውረጃውን ራሱ ያውቃል። ልጁ ሁለቱን በአንድ ድስት ነበር የሚያበስለው። አንድ ቀን፣ እንደ ትልቅ ምሥጢር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በቻይኖች ዘንድ ልብና አእምሮ አንድ ነው አለኝ።

«ለዚህ ነው አራት ዓመት የተማርከው?» አልኩት። «እናንተስ በአማርኛ ‹ልብ አድርግ› ስትሉ ደረትህን ያዝ ማለታችሁ ነው እንዴ?»

ሳቀ። «እውነትዎን ነው አባቴ። ግን ይህን ለማወቅ እዚያ ድረስ መሄድ ነበረብኝ።»

እሱ «እርስዎ» ይለኛል፣ እኔ «አንተ» እለዋለሁ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው፤ አክብሮቱን መጨረሻ ላይ ነው የተማርኩት። ወንድሜ ደግሞ አማርኛ የሚችለው ለገበያ ያህል ነው። ስለዚህ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ማንም «ይሆናል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ለእኛም ጥያቄ አልነበረም። ታላቁ ነኝ። በእኛ ዘንድ ታናሽ ታላቁ ባለበት ለእንግዳ አይመልስም። ቢጠየቅ ዓይኑን ወደ ታላቁ ያዞራል፣ ታላቁ ይመልሳል። በሞት ነገር ደግሞ ይብሳል። በሟቹ አባት ፊት ስለ አሟሟቱ አፉን የሚከፍት የለም። ይህን ሁሉ ልጁ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ አልነገርኩትም።

«እንቅልፍ እንዴት ነው?» ይላል ልጁ።

ወደ ወንድሜ ዞሬ በበርትኛ «እንቅልፍ እንዴት ነው ይላል» እላለሁ።

ወንድሜ መሬት መሬት እያየ «አንተ ታውቃለህ» ይላል።

«አይወስደውም» እላለሁ በአማርኛ።

«ሲነቃ ምን ያስባል?»

«ምን ታስባለህ ይላል።»

«አንተ ታውቃለህ።»

«ልጄን ያስባል።»

ልጁ ደስ ብሎት ይጽፋል። ሕክምናው እንዲህ ነበር። ወንድሜ በአክብሮት ዝም ይላል፣ እኔ በእሱ ፋንታ እታመማለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ወረቀት ሰጠኝ። በሦስት ተከፍሎ የተሰመረ ነው። አንዱ ላይ «ምን ሆነ»፣ ሁለተኛው ላይ «ምን አሰብኩ»፣ ሦስተኛው ላይ «ማስረጃው» ይላል። «ወንድምዎ ስለማይጽፍ፣ ቤት ሆናችሁ እሱ እየነገረዎት እርስዎ ይሙሉለት» አለኝ። ይሙሉ! እኔን! ዕድሜዬን ሙሉ የሚሞሉት እነሱ ነበሩ፣ እኔ የምጫነው ጣቴን ነበር። ከሆስፒታሉ ስወጣ አዲስ እስኪርቢቶ ገዛሁ፤ ባለ ክዳን።

ወንድሜን አጥሩ ሥር ሄጄ ጠየቅሁት። ዝም አለ። በማግስቱ ጠየቅሁት፤ ዝም። ሳምንቱ ሊሞላ አንድ ቀን ቀረ፣ ወረቀቱ ነጭ ነው። ትልቅ ሰው ሆኖ ፊደል የተማረ ያውቀዋል፤ የቤት ሥራ ሳትሠራ ልጅ የሚያክል አስተማሪ ፊት መቅረብ ምን ማለት እንደሆነ። እኔ ሞላሁት። «ምን ሆነ፦ ደመና መጣ። ምን አሰብኩ፦ የገደልኩት እኔ ነኝ።» ልጁ ሲያነበው ፊቱ በራ። «ጎበዝ!» አለ ለወንድሜ። ወንድሜ ለምን እንደተሞገሰ አላወቀም።

ከዚያ በኋላ መጠየቁንም ተውኩት። በየሳምንቱ ዛፍ ሥር ተቀምጬ እሞላለሁ፤ እጄ ፈጠነ፣ ፊደሎቼ ተስተካከሉ። ግማሹን የጻፍኩት እንደ ክስ ነው። «አፍ ቢኖርህ ማለት የሚገባህ ይህን ነበር» እያልኩ። ሌላው ግማሽ ግን ከየት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። እስኪርቢቶው ነው የሚያመጣው እል ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ልጁ ወረቀቶቹን ደርድሮ፣ መነጽሩን አውልቆ ወንድሜን ትክ ብሎ አየው።

«ቃል በቃል ይንገሩልኝ» አለኝ። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም። የተናደው መሬት ነው። በጥፍርህ ቆፍረሃል፤ ከዚህ በላይ ሰው ምን ያደርጋል? ጥፋቱ ያንተ አይደለም።»

ወንድሜ ቃሉ ባይገባውም ድምፁ ገብቶታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከመሬት አንሥቶ አየኝ። ጠበቀ።

«ክኒኑን እንዳታቋርጥ ይላል» አልኩት።

ዓይኑ ተመልሶ ወረደ።

«ነገሩት?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«አመሰግናለሁ ይላል።»

አሁን ይህን ስጽፍ ምላሴን መቁረጥ ያምረኛል። ያኔ ግን ጭራሽ አልከበደኝም። ይህ ደጋ ያደገ ልጅ ማን ነው፣ ልጄን በሚመለከት ማን አጥፊ ማን ነጻ እንደሆነ የሚፈርደው? ሸንጎ ነው? እንዲህ ነበር የማስበው። አምስት ሳምንት ሙሉ ያንኑ ቃል በተለያየ መንገድ ተናገረው፤ አምስቱንም ጊዜ ዋጥኩት። አንድ ጊዜ «ዝናብ ሊመጣ ነው ይላል» ብዬዋለሁ።

ግን ወንድሜ መሻሻል ጀመረ። የገረመኝም ያናደደኝም ይህ ነው። ያሻለው እኔ ያልገባሁበት የሕክምናው ክፍል ነው። ልጁ ንግግሩን ሲጨርስ ማንጎው ሥር ይዞት ይወጣል። እግር ትንሽ ከፈት፣ ጉልበት ትንሽ እጥፍ፤ ሁለት ክንድ ወደ ፊት፣ ወፍራም ግንድ እንዳቀፈ ሰው። ትንፋሽ እስከ እምብርት ድረስ። ከዚያ መቆም ብቻ። ለዚህ አስተርጓሚ አያሻም። በመጀመሪያው ቀን ወንድሜ የልጁን አቋቋም አይቶ የከንፈሩ ጫፍ ተነቃነቀች።

«ያ ቻይና» አለ።

ማንም ሳይጠይቀው በዓመት ውስጥ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። ማንን እንዳለ ወዲያው አወቅሁ። መንገዱ ሥራ ላይ አንድ ቻይናዊ አለቃ ነበረን። ጠዋት ጠዋት ከማሽኑ ጀርባ ብቻውን ልክ እንዲህ ይቆማል፣ ከዚያ እጁን ቀስ አድርጎ ያዞራል። «አየር አራሹ» ነበር የምንለው። አንድ ቀን እናቱ በአገሩ መሞቷን ምግብ አብሳዩ ነገረን። በዚያ ጠዋት አለቃው ከወትሮው አስረዝሞ ቆመ፤ ከዚያ መጥቶ ጠጠር መለካቱን ቀጠለ። እኛ «ይሄ ሰው ነው?» ብለን ሳቅን። ወንድሜ ብቻ አልሳቀም። «ዝም በሉ» አለን ያኔ፤ «እናቱን እየቀበረ ነው።»

ስለዚህ ወንድሜ ማንጎው ሥር ሲቆም ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ልጁ፣ «እርስዎም ይቁሙ አባቴ» ይለኛል። «እኔ አልታመምኩም» እላለሁ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ባለቤቴ ጉርሻውን ትቆጥር ነበር። አራት ሆነ። ስድስት ሆነ። አንድ ቀን ሳህኑን አጥቦ መለሰላት፤ አለቀሰች።

ከዚያ ያቺ ሴት መጣች። በስምንተኛው ሳምንት ነው፤ ልጁ ቃሉን ሲናገር፣ እኔም ስውጠው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ መወልወያዋን ይዛ ቆማ ኖሯል።

«አንተ ሰውዬ፣ አላህን አትፈራም?» አለችኝ በበርትኛ። «እሱ ያለው ሌላ፣ አንተ የነገርከው ሌላ!»

«ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።

«ሥራዬ ቆሻሻ ማጽዳት ነው። እየሠራሁ ነው።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞራ በአማርኛ፣ «ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ ያንተን ቃል ውጣለች። ወንድሙን ምንም አልነገራትም» አለች።

በእሷ አማርኛ እኔም ሴት፣ ወንድሜም ሴት ነን። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ እስከዚያን ቀን ድረስ ቀጥ ያለ ነገር የተናገረ ከእሷ በቀር አልነበረም።

ወንድሜ ሰምቷታል፤ በበርትኛ ያለችውን። ቀና ብሎ አየኝ። አንድ የተደበቀ ቃል እንዳለ አወቀ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ሴትየዋ ልትነግረው አፏን ስትከፍት ልጁ እጁን አነሣ።

«ተይ እህቴ። ከእሳቸው አፍ ቢሰማው ይሻላል።»

ይህን ውሳኔውን እስከ ዛሬ አልወደድኩለትም። በዚያች ሰዓት እሷ ብትነግረው ኖሮ አብቅቶ ነበር። ወይም ያበቃ ይመስለኛል።

ወንድሜን ከሴትየዋ ጋር ወደ ማንጎው ላከውና ወረቀቶቹን ከመሳቢያ አወጣ። አልተቆጣም። ቢቆጣ እችለው ነበር።

«አባቴ፣ ይሄ የእርስዎ ጽሑፍ ነው?»

«ነው።»

«የሦስተኛው ሳምንት ላይ ‹ሂድ ባልለው ኖሮ› ይላል። ወንድምዎ ቀድሞ ጉድጓዱ ጋ ነበር። ልጅዎን ሂድ ያለው ማን ነው?»

ወረቀቱን አየሁት። ፊደሎቹ ቆንጆ ነበሩ። የ‹ሂ›ን እግር በደንብ ነው የሳብኩት። ስጽፈው አላየሁትም፤ በአላህ ስም አላየሁትም።

በዚያ ጠዋት ልጄ ደጃፍ ላይ ቆሞ «አባ፣ መሬቱ ረጥቧል፣ ዛሬ ይቅር» አለኝ። እናቱ ወንዝ ወርዳለች። እኔ ጫማዬን እየጠገንኩ ነበር። ቀና ሳልል፣ «አጎትህ ብቻውን ነው። ዝናብ ፈራህ? ሂድ» አልኩት። ሄደ። ሌላ የሰማ የለም። ልጄ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ለወንድሜ ይንገረው አይንገረው አላውቅም። የማውቀው ወንድሜ አንድም ቀን «ለምን ላክኸው?» ብሎ እንዳልጠየቀኝ ነው። «አንተ ታውቃለህ» ብቻ ነው የሚለኝ።

ይህን ሁሉ ለባለሙያው ልጅ ነገርኩት። ከፔርሙዙ ሙቅ ውሃ ቀድቶ ሰጠኝ። ጠጣሁት፤ ምንም ጣዕም የለውም።

«ጥፋቱ የእኔም ነው» አለኝ። «የታመመው አንድ ሰው ነው ብዬ አንድ የሕመምተኛ ወንበር ነው ያዘጋጀሁት። እዚያ ያስተማሩኝ ሰዎች፣ ሰው ብቻውን አይታመምም ነበር የሚሉት። የሚታመመው በአባትና በልጅ፣ በታላቅና በታናሽ መሃል ያለው ነገር ነው ይሉ ነበር። ተፈትኜበት አልፌያለሁ፤ እዚህ ስደርስ ረሳሁት።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«አልገፋዎትም።»

«ግፋኝ እንጂ! ደሞዝ የምትበላው ለምንድን ነው?» ጮህኩበት። «ውሃ ውሃ ትለኛለህ፤ እኔ ውሃ አይደለሁም! ድንጋይ ነኝ፤ ድንጋይ ካልገፉት አይሄድም!»

መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ፤ ሸሚዙም ላብ ነበር። እሱም የሚያደርገው የጠፋበት መሰለኝ። የፈረንጁ ግማሽ «ተናገር» ሊለኝ ይፈልጋል፣ የቻይናው ግማሽ «ጠብቅ» ይለዋል። ሁለት ጥበብ የያዘ ሰው አንዳንዴ ባዶ እጁን እንደሆነ ያኔ አየሁ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሴትየዋ አስተረጎመች፤ እኔ ውጭ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ለእሷ ትንሽ ትንሽ ይናገር ጀመር። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ደረቱ፣ አንድ ቀን ስለ ገመዱም። ያን የተደበቀ ቃል ግን አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችው። ክረምቱ ሲገባ ልጁ ወደ ሌላ ክልል ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ሲሰናበተን ወንድሜን አቀፈው። ለእኔ ያልተሞሉ ወረቀቶች ሰጠኝ፣ አሥር የሚሆኑ። «ለራስዎ» አለኝ። በእሱ ቦታ እስካሁን ማንም አልተመደበም። ክኒኑን ከነርሷ እንወስዳለን።

አሁን የምንቆመው በእኔ ጓሮ ባለው ማንጎ ሥር ነው፤ ከፈጅር ሶላት በኋላ። እኔም እቆማለሁ። ለምን እንደጀመርኩ ባለቤቴ ጠየቀችኝ፤ «ወገቤን ነው» አልኳት። መጀመሪያ ክንዴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ረጅም ጊዜ እችላለሁ። ባዶ ነገር አቅፎ መቆም ከባድ ነው። የሚያቅፉት የሌላቸው ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ደግሞ ከመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ይስቃል። ልጆች አጥሩን ገለጥ አድርገው አይተውናል።

አንድ ጠዋት፣ እንደቆምን፣ ወደ እሱ ሳልዞር ተናገርኩ።

«ዶክተሩ ያኔ ስለ ክኒን አልነበረም የሚያወራው።»

ዓይኑን ከፊቱ ካለው አጥር አላነሳም።

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም ነው ያለው። በጥፍርህ ቆፍረሃል፣ ከዚያ በላይ ሰው አያደርግም አለ። አምስት ጊዜ ብሏል። ያልነገርኩህ እኔ ነኝ።»

ክንዶቹ አልወረዱም። አንድ የበሰለ ማንጎ ቅጠሉን እየሰነጠቀ ወርዶ መሃላችን ወደቀ። ትንፋሹን እሰማለሁ፤ እስከ እምብርቱ ወርዶ ይመለሳል። ልጁ እንዳስተማረው።

«እሱ ነው ያለው?» አለኝ በመጨረሻ።

«እሱ ነው።»

«እሱ እዚያ አልነበረም።» ዞሮ አየኝ። «አንተስ? አንተ ምን ትላለህ?»

ቀላል ነው። በበርትኛ ሦስት ቃል ነው፤ ማስተርጎም እንኳ አያሻውም። ግን «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ካልኩ «ታዲያ የማነው?» የሚለው ይከተላል። እሱ ባይጠይቀኝ እንኳ ጥያቄው እዚያው ማንጎው ሥር ይቆማል። መልሱን ደግሞ ከተዛወረው ልጅ ሌላ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ወይም ወንድሜም ያውቃል። መሃላችን የወደቀውን ማንጎ በእግሬ ገፋሁት።

ጠበቀኝ። ከዚያ ክንዱን ቀስ አድርጎ አወረደ፣ ጫማውን አደረገ፣ ሄደ። ገመዱ ትዝ አለኝና ከኋላው ሮጥኩ። ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ይታጠብ ነበር። አየኝና ቀና አላለም።

በማግስቱ መጣ። በየቀኑ ይመጣል። ያን ጥያቄ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ጉርሻው ግን ወደ ሦስት ወርዷል፤ ትናንት ባለቤቴ ሁለት ነው አለች። ሳህኑን እያሳየችኝ «ምን አድርገኸው ነው?» አለችኝ። ምንም አላደረግሁትም። ነገሩም እሱ ነው።

ልጁ የሰጠኝን ወረቀቶች ጨርሻለሁ። ይህን በደብተር ነው የጻፍኩት፤ ያችን የደጃፍ ጠዋት ለመጻፍ ብቻ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ይኸው አሁን ተጽፋለች፤ ማንበብ የሚችል ሁሉ ያነባታል። ወንድሜ ማንበብ አይችልም። ለእሱ በአፍ ካልሆነ መንገድ የለም።

ዛሬ ጠዋትም ቆመን ነበር። ክንዴ አልተንቀጠቀጠም። ዛሬም አልነገርኩትም።